ከሥሩ ሰማያዊ

አክስቴ ልብስ ታጠቁራለች። ሥራዋ ነው። እኔ ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ የሚጠቁረውን እቀበላለሁ፣ እሷ ጓሮ በርሜል ጥዳ በረጅም እንጨት ስታማስል ትውላለች። ጣቶቿ እስከ ጥፍራቸው ሥር ጠቁረዋል። "ብቆረጥ የሚፈሰኝ ቀለም ነው" ትላለች። ራሷም ጥቁር ከለበሰች ስድስት ዓመት ሞላት፣ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረው ባሏ ከሞተ ጀምሮ።

እህቶቿ ግን ሰለቻቸው። ዋናዋ እናቴ ናት። በአፍንጫዋ እየተናገረች፣ "ኧረ በቃሽ አንቺ ሴትዮ! ሟቹ ራሱ እኮ ረስቶታል!" ትላታለች። በመጨረሻ እሁድ መጥተው በገዛ እጃቸው ሊያስወልቋት ቀን ቆረጡ። ቢጫ ቀሚስም ገዙላት፣ ዓይን የሚያስጨፍን ቢጫ።

አክስቴ እያማሰለች፣ "ይሄን ካወለቅኩት የሱ መሆኔ በምን ይታወቃል?" አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ልጅ መጣች። ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ናት። ከንፈሯ ጥቁር፣ ቡትሷ እስከ ጉልበቷ፣ አንገቷ ላይ ሰንሰለት፣ ፊቷ ደግሞ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ቡናማ ቡናማ ማለት የጀመረ ረጅም ጥቁር ኮት ታቅፋለች። እኔ ሳቄን ስታገል፣ አክስቴ ከጓሮ ብቅ አለችና እጇን በሽርጧ ጠርጋ እቅፍ አደረገቻት።

"እኔን! እግዜር ያጽናሽ የኔ ልጅ። ማን ነው የሞተብሽ? እናትሽ ናት?"

ልጅቷ ደርቃ ቀረች። "ኧረ ማንም አልሞተብኝም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድነው?"

"ጎት ነኝ። እኔና ጓደኞቼ... ጥቁር እንለብሳለን፣ የሚያስተክዝ ሙዚቃ እንሰማለን። ደስ ይለናል በቃ።" አገጯን ቀና አደረገች።

"ሞት እየጠራችሁ ነው ደስ የሚላችሁ?"

"እማዬም እንደዚሁ ነው የምትለኝ።" ልጅቷ ኮቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። "ሳታወልቂ ገበታ አትቀርቢም ብላኛለች። ሳወልቀው ግን መስታወት ውስጥ የማየው ሌላ ሰው ነው።"

የአክስቴ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ኮቱን ተቀብላ ገለበጠችው።

"ማነው ያጠቆረልሽ? ቀሽም! ጥቁር ብቻውን ከደፉበት በወሩ ቡናማ ነው። መጀመሪያ ሰማያዊ ይጠጣ። ጥቁሩ የሚይዘው ከዛ በኋላ ነው።"

"ከሥሩ ሰማያዊ?"

"የኔም ከሥሩ ሰማያዊ ነው።" የቀሚሷን ጠርዝ ገልብጣ ስፌቱ ውስጥ የቀረውን አሳየቻት። "ከባሌ ጋር ገና ሳንጋባ፣ የምወርድበት ፌርማታ ሳይኖረኝ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላው ተቀምጬ ስመላለስ የምለብሰው ነበር። በስፖኪዮ ያየኛል። ሲሞት አጠቆርኩት።"

እኔ ይሄን ሰምቼ አላውቅም። እናቴም አታውቅም።

ልጅቷ ጠርዙን ነካ አደረገችው። "ያምራል። ይወዱታል?"

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠይቃት መቼ ታወልቂዋለሽ ብሎ ነው። አክስቴ ኮቱን ይዛ ወደ በርሜሏ ሄደች።

እሁድ እህትማማቾቹ ቢጫውን ይዘው ቤቷ ደረሱ። "በይ አውልቂ!"

"አላወልቅም" አለች አክስቴ። አገጯን ልክ እንደዛች ልጅ ቀና አድርጋ፣ "ደስ ይለኛል በቃ።"

"ደስ ይለኛል?!" እናቴ አፍንጫዋ ሊፈነዳ ደረሰ። "ሰማችሁ? ሴትዮዋ ለየላት!" አኩርፈው ወጡ፣ ቢጫው አልጋው ላይ ቀረ።

ሰኞ ልጅቷ ኮቷን ልትወስድ መጣች። ጓሮ ድረስ ገብታ ለበሰችው፣ እንደ ቁራ ክንፍ ያብረቀርቃል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነና የአክስቴ ባል ይነዳበት የነበረው መስመር አውቶቡስ ማዕዘኑ ላይ ቆመ። አክስቴ እንደ ሁልጊዜው እንጨቱን ከበርሜሉ አውጥታ ማዳመጥ ጀመረች። በሩ ተከፈተ። ሰው ወረደ። ቀለሙ እግሯ ላይ ይንጠባጠባል፣ አታየውም።

ልጅቷ አጠገቧ ቆማ አብራት አዳመጠች፣ አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ እስኪሄድ።