ያ አንዱ ጣልያን

ልጅ ሳለሁ ቡታጅራ ዳር በነበረው ጎጇችን የእናቴ ታናሽ ወንድም ተደብቆ ይኖር ነበር። ጋሼ ወልዴ አዲስ አበባ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ያኔ ጣልያን የተማረ ሰው እያደነ ይገድል ስለነበር ቀኑን ከከብቶቹ መከለያ ኋላ ይውላል፤ ይህንንም ከቅርብ ጎረቤቶቻችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሲመሽ ፍሙ ዳር ቁጭ ብሎ የጅብና የቀበሮ ተረት ይነግረኛል። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ «አንድ ጨምርልኝ» ስለው እንግሊዝኛውን ያመጣብኛል።

«ስለ ሕዝቡ ሁሉ ስትናገሪ ‹ዘ› ታስቀድሚያለሽ፤ ‹ዘ ኢንግሊሽ›፣ ‹ዘ ፍሬንች›። አንዱን ሰው ግን እንዲህ አትይውም፤ ‹ፍሬንችማን› ነው። ሕዝብ ሌላ፣ ሰው ሌላ።»

እናቴ አባቴን ጣልያን የገደለባት ናት። «ወግድ! ጣልያን እንደሆን አንዱም ሁሉም ያው ነው» ትለው ነበር፣ እሳቱን እየቆሰቆሰች።

አንድ ዝናባማ ምሽት በራችን ተገፋና አንድ ጣልያን ወታደር ደጃፉ ላይ ተዘረረ። ወባ ያንቀጠቅጠዋል፤ ጠመንጃም አልያዘም። እናቴ አልነካውም አለች። ጋሼ ወልዴ እንዳይወጣ በልቤ እየለመንኩ ሳለ፣ ከመከለያው ወጣ። ደግፎ እሳቱ ዳር አስቀመጠው፣ ወተት አሙቆ አጠጣው።

«አብደሃል? ሊያስበላህ ነው!» አለች እናቴ።

«እትዬ፣ የእግዜር እንግዳ ነው። ደግሞም አንድ ሰው ነው።»

ሰውየው በፍሙ ብርሃን የአጎቴን ፊት ትኩር ብሎ አየው። ሲነጋ እጁን ስሞት ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ወታደሮች መጡ። ቤቱን እንኳ አልፈተሹም፤ በቀጥታ ወደ መከለያው ሄዱ። «ያ ያጠጣኸው ነው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!» እያለች እናቴ ጮኸች። ጋሼ ወልዴ እጁን ታስሮ ሲያልፍ «እትዬ፣ ያላየሽውን አትናገሪ» አላት። ከዚያ ወዲያ አላየነውም፤ መቃብሩንም አናውቅም።

ነጻነት ሲመለስ ተማሪ ቤት ገባሁ። አስተማሪው ያንኑ የ‹ዘ› ትምህርት ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው የጭሱ ሽታ ሁሉ መጣብኝ።

እናቴ እስክትሞት «ጣልያኖች በሉብኝ» እንዳለች ነው። እንዲያ ማለት ያሳርፋል። እኔን ግን ማታ ማታ፣ ፍሙን አመድ ሳለብሰው፣ ያ አንዱ እየተንቀጠቀጠ ይመጣብኛል። የጠቆመው እሱ በሆነ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሱ ካልሆነማ፣ መከለያውን የሚያውቁት ጎረቤቶቻችን ብቻ ነበሩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ማኅበር የጠጣሁት ከነሱ ጋር ነው።