ቫርኒሽ የተቀባው ሳጥን

ልጄ መነጽር ካደረገች አምስተኛ ወሯ ነው። ደብተሯ ላይ ስታቀረቅር የመስኮቱ ብርሃን መስተዋቱ ላይ ያርፋል፤ እኔም ፊቴን አዞራለሁ። ለምን እንደማዞር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ዲላ፣ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ጨለለቅቱ ያሉ ዘመዶቼ የላኩልኝን ቆጮ ተቀብዬ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ጃንጥላ ስር የተቀመጠች ወጣት ጠራችኝ። ሰውን በስልክ ገንዘብ ማስቀመጫና መክፈያ አገልግሎት ትመዘግባለች።

"እናቴ፣ ዛሬ ይመዝገቡ። በሠላሳ ቀን ውስጥ የአሥር ሺህ ብር ዕቃ በስልክዎ ከገዙ ሁለት ሺህ ብር ቦነስ ይገባልዎታል" አለችኝ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ በነጻ የሚሰጥ ነገር ያስፈራኛል። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ግን ሁለት ሺህ ብር የልጄ መነጽር ዋጋ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና እየደረሰባት፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣም ሰሌዳው አይታያትም፤ ከጓደኛዋ ደብተር ነበር የምትገለብጠው። ሐኪሙ ያዘዘላትን ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬ፣ ባነበብኩ ቁጥር እሱን አየው ነበር። ተመዘገብኩ።

አጥር የምንጋራቸውን ጎረቤቴን እትዬ ነው የምላቸው። ከሰሜን መጥተው ዲላ ያረጁ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ካንዲት እህታቸው በቀር ዘመድ የሌላቸው ሴት ነበሩ። እሳቸው ታቦት ይሳለማሉ፣ እኔ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ፤ ልጄ ግን የሁለታችንም ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት ብልጥ የሆንን መስሎን በስልክ አምስት መቶ ብር እልክላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይመልሱልኛል፣ ደግሜ እልካለሁ። ወጣቷ ዘንድ ሄጄ ስጠይቅ ሳቀች። "መላላክ አይቆጠርም እናቴ፤ ከሱቅ የተገዛ ብቻ ነው" አለች።

ከዚያ ወዲያ የሰው ግዢ አሳዳጅ ሆንኩ። ስኳር የሚገዛ ሳይ እሮጣለሁ፤ እኔ በስልክ እከፍልለታለሁ፣ እሱ ጥሬ ብሩን ይሰጠኛል። ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ "መጣች ከንቲባዋ! ዛሬ የማንን ሳሙና ነው የምትከፍዪው?" ይለኝ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ ከአሥር ሺሁ ገና አራት ሺህ ሦስት መቶ ብር ቀረኝ።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ አጥሩ ላይ ተደግፈው "ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። እኔ የሰፈራችን እድር ዕቃ ገዢ ነኝ፤ ሰው ሲሞት ሳጥኑንም አቡጀዲውንም የምገዛው እኔ ነኝ። ይህንን አስበው ነው እንዲህ ያሉት፦

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? እኔ እሞትልሽና የቀረውን በኔ ሳጥን ትሞይዋለሽ።"

"ኧረ እትዬ! ጠላትዎ ይሙት!" አልኩ። አልኩ እንጂ ስቄያለሁ። ሁለታችንም ዓይናችን እንባ እስኪያቀር ሳቅን። ቤት ገብቼ ግን ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ ነገ የሚገዛ ነገር አምጣልኝ" ብዬ ጸለይኩ። ምን እንደሚገዛ አላልኩም።

በማግስቱ፣ በሠላሳኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ለፋፊው የማንን ስም እንደሚጠራ ሳልሰማ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። እትዬ ተኝተው አልነቁም ነበር።

ገንዘብ ያዡ የእድሩን ብር ሰጠኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ፤ እያለቀስኩም ግን እግሬ መጀመሪያ የወሰደኝ የዚያች ወጣት ጃንጥላ ስር ነው፤ ብሩን ወደ ስልኬ አስገባሁ። አቡጀዲውንና ጧፉን ገዝቼ ሳጥን ቤት ደረስኩ። ሁለት ሳጥን ነበር። አንዱ እድሩ ለአባል ሁሉ የሚገዛው መናኛው ነው፤ እሱን ብገዛ ከአሥር ሺሁ ሰባት መቶ ብር ያጎድለኛል። ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ላይ ነው፤ ያንን ቀን ማን ስኳር ይገዛልኛል? ሌላኛው ቫርኒሽ የተቀባ፣ ጎኑ ላይ መስቀል የተቀረጸበት ነው። የእድሩ ብር ይበቃዋል፤ የምርጫው ሥልጣን የኔ ነው።

"የቱን ላውጣልሽ?" አለኝ ባለሳጥኑ።

"ያንን" አልኩ። የምስጢር ቁጥሬን ሁለት ጊዜ ስሳሳት አይቶ "አይዞሽ፣ እናትሽ ናቸው?" አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ሳጥኑ ሲገባ ለቀስተኛው በአድናቆት ተንሾካሾከ። እህታቸው አንገቴ ላይ ተጠምጥመው "እህቴን አከበርሽልኝ! ልጅ የላትም ያለ ማነው!" እያሉ አለቀሱ። የሰማ ሁሉ መረቀኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አፈር ሲመለስ ስልኬ ነጠላዬ ስር ጮኸ። ቀስ ብዬ አየሁት። "እንኳን ደስ አለዎት!" ይላል። ደረቴ ላይ ጫንኩት። አፈሩ ሳጥኑ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅና ያ መልእክት እስከዛሬ አልተለያዩልኝም።

መነጽሩ ተገዛ። ልጄ እንዳደረገችው በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ታይ ጀመር፤ የአቮካዶውን ቅጠል፣ የባጃጁን ታርጋ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞራ "እማ፣ የእትዬ ነጠላ እስካሁን ገመድ ላይ ነው እንዴ? ጥለቱ እኮ ተተርትሯል" አለች። እኔ በየቀኑ አየው ነበር። ለማውረድ ነው ያልደፈርኩት።

አርባቸው ሲወጣ እውነቱን ልናገር ቆረጥኩ። ከድንኳኑ ጀርባ እህታቸውን ለብቻቸው ይዤ "ስለ ሳጥኑ አንድ የምነግርዎት አለ" አልኩ። እጄን ሁለት እጃቸው ውስጥ ከተቱት።

"ተይ ልጄ፣ ምስጋና ከሆነ እኔ ነኝ የማመሰግነው። ሕይወቷን ሙሉ የሰው ትራፊ ስትለብስ ኖራ፣ አንድ ቀን ሰው አሳምሮ ሸኛት። ሌላ መጽናኛ የለኝም። ሲጨንቀኝ ያንን ሳጥን ነው የማስበው።"

ብነግራቸው ቀልሎኝ እሄድ ነበር፤ እሳቸው ግን ምን ይዘው ይቀራሉ? ንፍሮውን ለሰው ማደል ቀጠልኩ።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ደግሞ ጮኸ። እጄ ሊጥ ስለነበር ልጄ አነሳችው። መነጽሯን አስተካክላ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ አንዲት ፊደል አልሳተችም።

"'ለነባር ደንበኞቻችን! ዛሬም በሠላሳ ቀን ውስጥ አሥር ሺህ ብር...' እማ፣ እንሞክረው?"

በሩ ክፍት ነበር። ከማዶ የሚኖሩት የእድራችን አባል ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እየሳሉ ዳገቱን ይወጣሉ። ዓይኔ እሳቸው ላይ ቆየ። ምን እያሰብኩ እንደሆነ ያወቅሁት ከቆየሁ በኋላ ነው።

"አጥፊው" አልኳት። "አሁኑኑ አጥፊው። በሩንም ዝጊው።"