የዓርቡ አውሮፕላን

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ መዝጋቢ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ማረፊያችን ትንሽ ስለሆነች በር ላይ የቆመውን ሰው አይቼ የመጣበትን ጉዳይ አውቃለሁ። ሙሽራ የሚቀበል ይሳሳቃል። ሊያረዳ የመጣ ግን ነጠላውን እንደ ደህና ቀን ጣል አድርጎ ከመጪው ዓይን ይሸሻል። በሰው ሲሆን አይቶ ማለፍ ቀላል ነበር።

እናታችን ያረፈችው ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፤ የጠዋቱን አውሮፕላን ቢይዝ ይደርስ ነበር። ስልኬን ሳነሳ አጎቴ እጄን ያዙኝ።

«ምነው ልጄ፣ መርዶ በስልክ ይነገራል? ብቻውን በሰው አገር ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?»

«አያ፣ ቀብሩ ያመልጠዋል» አልኳቸው።

«ቢያመልጠውስ? እሱ ይትረፍልን።»

ደወልኩና «እማዬን ትንሽ አሟታል» አልኩት።

«ዛሬ ልምጣ? ወይስ ሥራዬን ጨርሼ ዓርብ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የጠዋቱ አውሮፕላን ባዶ ወንበር እንዳለው መሥሪያ ቤት ደውዬ አጣርቼ ነበር። ግን ዛሬውኑ ና ካልኩት ይጠረጥራል ብዬ ፈራሁ። «ዓርብ ይሻላል» አልኩት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ዓርብ ወንድሜ መጣ። ለእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ይዞላታል፣ ለስላሳ የቤት ጫማም ገዝቶላታል። አጎቴ ቦርሳውን ተቀብለው ድብ ባሕር ስለዘሩት ገብስ እያወሩ ወሰዱት፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ሰፈር ደርሰን ድንኳኑን ሲያይ ቆመ። ወደ አጎቴ አልዞረም፣ ወደ እኔ ነው የዞረው።

«አንቺ እኮ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምትሠሪው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለቀስተኛው ጮኾ ከበበው። አጎቴ ዛሬም ድረስ «ሸጋ አድርገን አረዳነው» ይላሉ። እግዜር ይያቸው፤ እኔንም ጭምር።

ለአርባዋ መጥቶ ሲመለስ ተራው እኔ ጋ ደረሰ። መታወቂያውን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ዘረጋልኝ። አላስችል ብሎኝ «ስትደርስ ደውልልኝ» አልኩት።

«ደውዬስ ምን ልስማ ብዬ?»

የመሳፈሪያ ወረቀቱን ሰጠሁትና ቀጣዩን መንገደኛ ጠራሁ።