ለአንድ ጥያቄ ሰንጋ ተራ ድረስ

ባለፈው ረቡዕ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ተነስቼ ሰንጋ ተራ ደርሼ ተመለስኩ። ጎበዝ በአጭር ጊዜ የሚጨርሰውን መንገድ ጉዞ ብዬ መጻፌ አያስቃችሁ፤ የእኔ ጉልበት በየጥቂት እርምጃው ዕረፍት ይጠይቃል። የሄድኩትም የገዛ አፌ ያመጣውን ጣጣ ለማስተካከል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ግቢ ከሬዲዮ ዜና በኋላ ጎረቤቶቼ ደረጃው ሥር ይሰበሰቡና “ጋሼ ወርቁ፣ ምን አሉ?” ይሉኛል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልተማርኩም። ግን ብዙ ዓመት በጥበቃ ሥራ ከሬዲዮ ጋር ስለኖርኩ ዜና አዋቂ አድርገውኛል።

ሰኞ ዕለት ዜናው “በመኖሪያ ግቢዎች ንግድን የሚከለክለው ረቂቅ ደንብ ለምክር ቤት ቀርቦ፣ ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል” አለ። እኔም ምክር ቤት ከገባማ አለቀ ብዬ፣ “ከእንግዲህ ግቢ ውስጥ መሸጥ የለም” አልኳቸው። በግቢያችን ጥግ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ወይዘሮ ዘነቡ ያልሸጠችውን መሰብሰብ ጀመረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዚያች ሥራ ነው። በማግስቱ ሚዛኗንና መደርደሪያዋን የሚገዛ ሰው አገኘች፤ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ ሊወስድ ተቀጣጠሩ።

ረቡዕ ጠዋት ፍርፍሬን እየበላሁ ሬዲዮው ስለዚያው ደንብ “ሕዝብ ይወያይበታል” ሲል ሰማሁ። ካለቀ ምን ውይይት አለው?

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ልደታ ማርያም ደጅ ተሳለምኩና፣ “እመቤቴ፣ ሴትዮዋን ሥራ አስፈትቼ እንዳልቀር” አልኩ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ስደርስ ጉልበቴ እምቢ አለ። ፋይል የታቀፉ ሰዎች መሀል አንዲት ሴት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለችልኝ።

“አባባ፣ ይቀመጡ። ክስ አለብዎት?”

“አለብኝ ልጄ። ከሳሹም እኔው ነኝ።”

ሳቀችና ውሃዋን አካፈለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፣ እግዜር ይስጣት።

አራት ሰዓት ተኩል

ሰንጋ ተራ ስሙ እንጂ ሰንጋው የለም፤ ቀና ብል መስታወትና ክሬን ነው። ድሮ የምጠብቀው ሕንፃ ላይ ሰብለ የምትባል ልጅ ለሬዲዮ ዜና ትጽፋለች። ዝናብ ሲሆን ከታክሲ እስከ በሩ ጃንጥላ እይዝላት ነበር። አስጠራኋት፤ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ስለቆመ አራት ፎቅ በእግሯ ወረደች።

“ጋሼ ወርቁ! ምን እግር ጣለዎት?”

“አንድ ጥያቄ ናት። ያ የግቢ ንግድ ነገር አልቋል ወይስ ገና ነው?”

“ኧረ ገና ነው! ኮሚቴው ያየዋል፣ ሕዝብ ይወያይበታል፣ ከዚያ ነው ድምፅ የሚሰጥበት። ሊለወጥም ሊቀርም ይችላል።”

ሕንፃው ሥር ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሻይና ፓስቲ አዘዘችልኝ። የሠራሁትን ስነግራት አንገቷን ደፋች።

“ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ጋሼ። ከምክር ቤቱ ወረቀት ላይ እንዳለ ገለበጥኩት።” ማስታወሻዋን አወጣች። “እንዴት ብል ነው ወይዘሮ ዘነቡ የሚገባት?”

በዕድሜዬ የተማረ ሰው እንዴት ልበል ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። “መጀመሪያ ‘ገና አልተወሰነም’ በይ” አልኳት። “ከደነገጠች በኋላ የምትይውን አትሰማሽም። ዛሬ መሸጥ ትችል እንደሆነ ንገሪያት። የሚወስነው ማን እንደሆነ ደግሞ ከዚያ።”

ጻፈች፣ አነበበችልኝ፣ አንድ ቃል ሰረዘች፣ ደግማ አነበበችልኝ። ቸኩላ ሳለ አላቻኮለችኝም። ይህን አልረሳላትም።

ስድስት ሰዓት

ለመልሱ መንገድ ታክሲ ያዝኩ፤ አስር ብር ከፈልኩ። በመንገድ ላይ ሬዲዮው ዜና ጀመረ። “በመኖሪያ ግቢ የሚደረግ ንግድ ጉዳይ ገና አልተወሰነም። ነጋዴዎች ዛሬም እንደ ትናንቱ መሸጥ ይችላሉ…”

“ሹፌር፣ ጨምርልኝማ!” ብዬ ጮኽኩ።

“ፋዘር፣ ፖለቲካ ይወዳሉ እንዴ?” አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

“ይሄ የሽንኩርት ነገር ነው እንጂ የምን ፖለቲካ!”

ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት፣ “ለእህቴ ልደውልላት፤ እሷም በር ላይ እንቁላል ትሸጣለች” ብላ ስልኳን አወጣች።

ግቢያችን ስገባ የገዢው መኪና ቆሟል። መደርደሪያው ግን ቦታው ላይ ነው፤ ሰውየው ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አስመዝኖ ሊሄድ ነው።

“ሰማሽ?” አልኳት።

“ሰማሁ። ዛሬስ ሬዲዮው እንደ ሰው አወራ! ውይይቱ ላይ ሄጄ እኔም እናገራለሁ።”

“ሰኞ ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ ዘነቡ። ሳላውቅ አለቀ አልኩሽ።”

አንድ ቲማቲም አንስታ ወለወለች። “ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ጋሼ። ከእንግዲህ ካላወቁ አላውቅም ይበሉን። አንቀየምዎትም።”

ማታ እንደ ልማዳቸው ተሰበሰቡ። “ጋሼ፣ ምን አሉ?” ይሄ አልቋል፣ ይሄ ገና ነው እያልኩ ነገርኳቸው። ስለ አንዱ ዜና ግን፣ “ይሄኛው አልገባኝም” አልኩ። ተነስተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ማንም አልተነሳም። ዘነቡ ብቻ ከጥጓ፣ “እንግዲያው ነገ ከዘራዎን ያዘጋጁ፤ ሰንጋ ተራ ድረስ እኔ እደግፍዎታለሁ” አለችኝ።