ወተት የመሰለው ሰሊጥ

ዛሬ ለታመመው ልጄ ሰሊጥ ስቆላ ሽታው በልጅነቴ ኮኪት በምትባለው የቆላ ከተማ፣ አባቴ ወባ ይዞት ወደተኛበት ጎጆ መለሰኝ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ አባቴ እህል አልቀምስ ብሏል። እናቴ ሰሊጥ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ አጠለለችና ወተት የመሰለውን በጣሳ ሰጠችኝ።

«ወተት አለበት?» አለኝ አባቴ።

«የለበትም አባዬ፣ እኔም እኮ አብሬ ወቅጫለሁ!»

«እንዲህ በይው ብላሽ ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብለምነው፣ ባለቅስ አልዞር አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ምነው ትናንት ወተት ባልደባለቅኩበት» ስትል ሰማኋት። ያኔ ብዙም አልገባኝም።

አሁን የበጠበጥኩትን ሰሊጥ ስሰጠው ልጄ ብርጭቆውን አየና፣ «እማ፣ ዛሬም ኪኒን አለበት?» አለኝ። ትናንት ፈጭቼ ደብቄበት ነበር። ዛሬ ግን ሰሊጥ ብቻ ነው። ብምል ብገዘት አፉን ግጥም አደረገ።