ያልተፈታው የፊት ጎማ

የፊት ጎማዎቹም አብረው እንዲጎትቱ የሚያደርገውን መቆለፊያ ለትንሿ መኪናችን የገጠሙላት አጎቴ ናቸው። በራሱ የሚቆልፈው ዳገት ላይ ሲከዳቸው አውልቀው ጣሉት፤ በእጅ የሚዞረውን አስገቡ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ተራራማው ኦቾሎ ስንወጣ አስፋልቱ እንዳለቀ ያስቆሙኛል። እኔ ልውረድ ብል እሺ አይሉም። ራሳቸው ወርደው የግራና የቀኙን ጎማ መቆለፊያ አዙረው፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ይገባሉ። ስንመለስም እዚያው ወርደው ይፈቱታል። “መኪናም እንደ በሬ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ቀንበሩ ይውረድለት” ይሉ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ስንመለስ ግን አስፋልቱ ጋ ባቆምም አልተነሡም።

“ልፍታው ጋሼ?”

“ተወው፣ ደክሞኛል። ነገ እፈታዋለሁ።”

በማግስቱ ከአልጋቸው አልተነሡም።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ መኪናዋን የምነዳው ብቻዬን ነው። ከብዳለች፤ እኔም ደክሞኛል። ትናንት ባለቤታቸው “ልጄ፣ ፍታው እንጂ፤ ነዳጅ ትጨርሳለች” አሉኝ። ወርጄ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። የኦቾሎ ጭቃ መቆለፊያው ላይ ደርቋል። መጨረሻ ያዞረው የእሳቸው እጅ ነው።

“ፈታኸው?” አሉኝ ከበር ላይ።

“ነገ እፈታዋለሁ” አልኳቸው።