የተበላው ውሃ

ትናንት ልጄ ጭሮ ከተማ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሆና፣ ከሌላ አገር ሰዎች ጋር በላፕቶፕ ስትሰበሰብ ሰማኋት። ወሬያቸው ስለ ሞዴል፣ ስለ ፖሊሲ፣ ስለ ዘላቂ ልማት ነው። አንደኛው ካርታ እያሳየ «እዚህ ውሃው ያልቃል» ሲል ጆሮዬ ቆመ። እንዴ! እኔም እኮ በወጣትነቴ ይህን ነገር አይቼዋለሁ።

ከኮሌጅ ወጥቼ ገለምሶ አጎቴ አብደላ ቤት ያለ ሥራ ተቀምጬ ነበር። ከህንድ፣ ከሆላንድና ከአዲስ አበባ የመጡ ተመራማሪዎች አስተርጓሚ ሲፈልጉ እኔ ተገኘሁላቸው። መሪያቸው ሚራ የምትባል ህንዳዊት ነበረች፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጭቃ የማትፈራ። በጋው ከርሯል፤ የጫት መኪኖች በሚያስነሱት አቧራ ጥርሳችን ሳይቀር ይንቀጫቀጫል። ከወንዙ ላይኛው በኩል ያሉት፣ አጎቴን ጨምሮ፣ ጫታቸውን በፓምፕ ያጠጣሉ። የታችኞቹ ማሳ ደርቆ፣ አንዳንዱ ቤቱን ዘግቶ ለቀን ሥራ ወደ ቦርደዴ መውረድ ጀምሯል። ሽማግሌ ቢገባም አልሆነም። ወረዳው ደግሞ «ካልተስማማችሁ ፓምፑን በሙሉ እንወስዳለን» ብሏል። ይህ ከሆነ ላይኞቹም አለቀላቸው።

ሚራ ማን ምን ያህል ውሃ ቢስብ ከታች ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ ሞዴል በኮምፒውተር ሠርታለች። ቀበሌ አዳራሽ ስታሳያቸው ሁሉም «እሺ፣ እሺ» ብሎ ወጣ። እኛ አገር እንግዳን ፊት ለፊት መቃወም ነውር ስለሆነ እንጂ መስማማታቸው አልነበረም። ይህን ስነግራት አልከፋትም። በማግስቱ ከሰዓት፣ ሰው ጫቱን ይዞ ሰብሰብ በሚልበት ሰዓት አጎቴ ቤት መጣች። ወንዙን ምንጣፍ ላይ በገመድ ሠራችው፤ በውሃው ፈንታ የተቆላ ለውዝ ከነቅርፊቱ አደረገች። እያንዳንዱ ድርሻውን እያነሳ የቀረውን ወደ ታች ያሳልፋል። ቦታም አቀያየረቻቸው፦ የታችኛው ሰፈር ሰው ጀማል ከላይ፣ አጎቴ ከሁሉም በታች።

ጫት ለያዘ የሐረርጌ ሰው ለውዝ ሰጥቶ አትብላ ይባላል? ውሃው ተበላ! አጎቴ ዘንድ የደረሰው ቅርፊት ብቻ ነው።

«ውሃዬ የት አለ?» አለ አጎቴ።

«ዋላሂ አብደላ፣ ትንሽ ነው የቀመስኩት» አለ ጀማል እያኘከ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ በሐፍረት ተሸማቅቄ ጨዋታውን እንደገና ላስጀምር ስል ሚራ ከለከለችኝ። እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች።

«ተዪው። በእኔ ሞዴል ውስጥ ውሃ መንገድ ላይ አይበላም። ውሃው በቦይ ሲወርድ አፈሩ የሚመጠውን ረስቼዋለሁ» አለችኝ።

ያን ያህል ተምራ፣ ያን ያህል ለፍታ፣ ስህተቷን ስታገኝ እንደዚያ ደስ የሚላት ሰው ከዚያ በኋላም አላየሁም። በጣም ወደድኳት።

አጎቴ ግን አልሳቀም። «ሌላ ዙር!» አለ። ሌላም ዙር ቅርፊት ደረሰው። አሁን የምሩን ተቆጣ፤ «ከላይ ያላችሁት አላህን አትፈሩም? እስከ መቼ ልጠብቅ?» ብሎ ጮኸ።

ጀማል ማኘኩን አቆመ። «እኛስ እስከ መቼ እንጠብቅ፣ አብደላ?» አለው በዝግታ።

አጎቴ እጁ ላይ የነበረውን ቅርፊት ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ለዚች ሴትዮ ንገሪያት። ከነገ ጀምሮ ፓምፔን አጠፋለሁ። ተራ ይውጣልን፤ መጀመሪያ የታችኞቹ ያጠጡ።»

ተረጎምኩላት። ሚራ የተራውን ነገርና የቦዩን ብክነት ሞዴሏ ውስጥ አስገብታ፣ አጎቴንና ጀማልን ይዛ ወረዳ ገባች። ፓምፕ መውረሱ ቀርቶ የውሃ ተራው ደንብ ሆኖ ጸደቀ።

ልጄ ስብሰባዋን ስትጨርስ ይህን ሁሉ አወራኋት። «እና እማዬ፣ እውነት ሠራ?» አለችኝ። እንዲህ ያለው ጥናት መሥራት አለመሥራቱ በወረቀት ብቻ አይለካም መሰለኝ። አጎቴ ባለፈው ዓመት ሲሞት ጀናዛውን ከቤት እስከ መቃብር የተሸከሙት የታችኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው። የገዛ ልጆቹ ትከሻ ለማስገባት ቢለምኑም አልለቀቁላቸውም።